ዋልተር ጆንሰን ማነው? የልጄ ትምህርት ቤት በቤዝቦል ተጫዋች ስም ነው እንዴ የተሰየመው?

የቤተስዳው አባት

ሰላም ለሁላችሁ። ትልቁ ልጄ ዘንድሮ ቤተስዳ ያለው ዋልተር ጆንሰን ሃይስኩል ገባ። በዛ በር ለዓመታት ስመላለስ ዋልተር ጆንሰን የድሮ ሴናተር፣ ወይ ደግሞ መሬቱን የለገሰ ሀብታም ይመስለኝ ነበር። ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ነበርና ቀደም ብዬ ደርሼ ስንጎራደድ አንድ ሐውልት አየሁ። ጠጋ ብዬ ሳነበው ሰውየው ለካ ቤዝቦል ተጫዋች ነው! ቤት ስገባ ልጄን ጠየቅኩት። «ፒቸር ነበር አባዬ፣ የድሮ ሰው ነው» አለኝና ተመልሶ ስልኩ ውስጥ ገባ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሜሪካ ሃያ ዓመት ኖሬ ቤዝቦል አልገባኝም። ቲቪ ላይ ሳየው ሰዎቹ ቆመው ሱፍ የሚቆረጥሙ ነው የሚመስለኝ። እኛ አገር ትምህርት ቤት በንጉሥ ወይ በአርበኛ ስም ነው የሚሰየመው። ይሄ ሰውዬ ኳስ ወርውሮ ምን ቢያደርግ ነው? የምታውቁ እስቲ እንደ ሕፃን አድርጋችሁ አስረዱኝ።

አራዳ በዲሲ

ሴናተር ነው ማለትህ እኮ አልተሳሳትክም ሃሃሃ። ቡድኑ ዋሽንግተን ሴናተርስ ነበር የሚባለው።

ቁጥር ወዳድ

ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ። ፒቸር ማለት ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው ሰው ነው። 18 ሜትር ተኩል ገደማ ርቆ ይቆምና ይወረውራል፣ መቺው በዱላ ሊመታ ይሞክራል። ሦስቴ ከሳተ ወጣ። ከመታ ይሮጣል፣ ቤዝ የሚባሉትን ጣቢያዎች ዞሮ ከገባ ነጥብ ነው። ሦስት ሰው ከወጣ ተራው የሌላው ቡድን ነው። እንዲህ እየተቀያየሩ ዘጠኝ ዙር ይሄዳል፣ ዙሩ ኢኒንግ ይባላል። ለዛሬ ይቺ ትበቃሃለች።

ጆንሰን በ1887 ካንሳስ ውስጥ ሃምቦልት አጠገብ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ቤተሰቡ በኋላ ካሊፎርኒያ፣ ኦሊንዳ የሚባል ነዳጅ የሚወጣበት ሰፈር ገባ። ፉለርተን ሃይስኩል እያለ በአንድ ጨዋታ ብቻ 27 መቺ አስቶ አስወጥቷል። ጨዋታው 15 ኢኒንግ ድረስ ሄዶ 0 ለ 0 አለቀ። ይቺን ያዛት፣ የሰውየው ዕድሜ ልክ ታሪክ እሷ ናት። እሱ ይወረውራል፣ ቡድኑ ነጥብ አያገባም።

ታኮማ ሄዶ አንድ ቡድን ሞከረ፣ አሰናበቱት። ከዛ አይዳሆ ውስጥ ዊዘር የምትባል ትንሽ ከተማ የስልክ ኩባንያ ተቀጥሮ ለከተማው ቡድን መወርወር ጀመረ። እዛ ነጥብ ሳይገባበት ጨዋታ በጨዋታ ላይ ሲደራርብ ወሬው ዋሽንግተን ደረሰ። አሰልጣኙ ጆ ካንቲሎን ተጎድቶ የተቀመጠ ካቸር (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳሱን የሚቀበል) ነበረው፣ ክሊፍ ብላንከንሺፕ ይባላል። ያው ሥራ ከፈታህ ሄደህ ልጁን እየው ብሎ ላከው። ልጁ ግን ቶሎ አልፈረመም። ካልተሳካልኝ የምመለስበትን የባቡር ገንዘብ ቻሉኝ አለ! ገና 19 ዓመቱ ነው። እኔ ሰውየውን የወደድኩት እዚህ ጋ ነው።

የመጀመሪያ ጨዋታው ነሐሴ 2 ቀን 1907 ከዲትሮይት ጋር ነበር። ዲትሮይት ውስጥ ደግሞ ታይ ኮብ አለ፣ የዘመኑ ክፉ መቺ። ኳሱን ሙሉ ኃይላቸውን ተጠቅመው ሊመቱት እንደማይችሉ ሲገባቸው ዱላውን አስጠግተው ነካ ብቻ እያደረጉ መሮጥ ጀመሩ። ገና ከገጠር የመጣ ልጅ ግራ ተጋባ። 3 ለ 2 ተሸነፈ።

ጥያቄ አለኝ

1907 በኛ ነው በፈረንጅ? ደግሞ ይሄ ከገና ጨዋታ በምን ይለያል?

አራዳ በዲሲ

በፈረንጅ። በኛ ሐምሌ 1899 ነው፣ አጤ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሊሾሙ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው። ገና ሌላ ነው፤ ሁሉም ዱላ ይዞ ይሻማል። እዚህ ዱላ የያዘው አንድ ሰው ነው፣ ያውም ጥይት እየተተኮሰበት።

ግን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚሉት ለዚህ ሰውዬ የተባለ ነው የሚመስለው። ጓደኞቹ ኳስ አምልጧቸው ጨዋታ ሲያስበሉት እንኳን አይቆጣም፣ ዳኛ ላይ አይጮህም ነበር ይባላል። እኔ ብሆን አብጄ ነበር።

ቁጥር ወዳድ

እውነትህን ነው። ዋሽንግተን በዛ ዘመን የሊጉ ጭራ ነበረች። «በጦርነት አንደኛ፣ በሰላም አንደኛ፣ በአሜሪካን ሊግ መጨረሻ» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ለጆርጅ ዋሽንግተን የተባለ ውዳሴ ነው፣ መጨረሻውን ጋዜጠኛው ቻርልስ ድራይደን ነው የቀጠለው።

አሁን ቁጥር ልጀምር፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

በ1908 መስከረም ላይ ኒው ዮርክ ሄደው ዓርብ ወረወረ፣ ዜሮ አስይዞ ወጣ። ቅዳሜ ደግሞ ወረወረ፣ ዜሮ። እሁድ በዛን ጊዜ ኒው ዮርክ ውስጥ ጨዋታ ክልክል ነው፣ አረፈ። ሰኞ ተመልሶ ወጣና ለሦስተኛ ጊዜ ዜሮ አስያዛቸው። በአራት ቀን ውስጥ ሦስት ሙሉ ጨዋታ! ዛሬ አንድ ፒቸር ወርውሮ አራት አምስት ቀን ነው የሚያርፈው፣ ዘጠኙን ኢኒንግ ከጨረሰ ደግሞ ዜና ነው።

በ1910 ፕሬዚዳንት ታፍት ሜዳ መጥተው የመጀመሪያዋን ኳስ ወረወሩ። ፕሬዚዳንት የዓመቱን ጨዋታ በመወርወር የሚከፍትበት ልማድ ከዛ ቀን ነው የጀመረው። የወረወሩት ለጆንሰን ነው። የዛን ቀን ፊላደልፊያን 3 ለ 0 ሲያሸንፍ አንድ መቺ ብቻ ነው በትክክል የመታበት። ኳሷን በኋላ ለታፍት ልኮ አስፈርሟታል።

ከሁሉ በላይ ግን 1913 ነው። 36 አሸነፈ፣ 7 ተሸነፈ። 11 ጨዋታ ዜሮ አስይዞ ጨረሰ። በዛ ዓመት 55 ኢኒንግ ከሁለት ሦስተኛ በተከታታይ አንዲት ነጥብ አልገባበትም፣ ያንን ሪከርድ እስከ 1968 ድረስ የነካው የለም። ዓመቱን ሙሉ በየዘጠኝ ኢኒንጉ በአማካይ የገባበት 1.14 ነጥብ ነው። የዓመቱ ምርጥ ተብሎ የተሸለመው መኪና ነበር፣ ቻልመርስ የሚባል።

በጠቅላላው 21 ዓመት ተጫወተ፣ ሁሉም ለዋሽንግተን። 417 አሸነፈ። ከሱ በላይ ያለው ሳይ ያንግ ብቻ ነው፣ 511። 110 ጊዜ ዜሮ አስይዞ ጨርሷል፣ ይሄ እስከዛሬ አንደኛ ነው፤ ወደፊትም የሚነካው የለም። ከ3,500 በላይ መቺ አስቶ አስወጥቷል፣ ያም እስከ 1983 ድረስ ሪከርድ ሆኖ ቆይቷል።

አሁን ደግሞ የሚያሳዝነው። 279 ጊዜ ተሸንፏል። ከነዛ ውስጥ በ65ቱ ቡድኑ ዜሮ ነው ያገባው። በ26ቱ ደግሞ ውጤቱ 1 ለ 0 ነው። 26 ጊዜ አንድ ነጥብ ብቻ ገብቶበት ተሸንፎ ቤቱ ገባ!

የቤተስዳው አባት

26 ጊዜ?! እኔ እኮ ሥራ ቦታ አንዴ የሌላ ሰው ጥፋት ቢያሸክሙኝ ሳምንት ሙሉ ነው የማኮርፈው።

ጥርጣሬ ቶማስ

እኔ የማይገባኝ ይሄ የድሮ ሰው ማጋነን ነው። ያኔ እኮ ሁሉም ቀርፋፋ ነበር። መቺዎቹ የእርሻ ልጆች፣ ኳሱም ጨርቅ መሳይ። ዛሬ ቢመጣ አንድ ኢኒንግ አይጨርስም።

ቁጥር ወዳድ

ቶማስ ግማሹ ልክ ነው። ከ1920 በፊት ኳሱ ሩቅ አይሄድም፤ አንዷ ኳስ እየቆሸሸችና እየጠቆረች ብዙ ኢኒንግ ትሄዳለች፣ መብራት የለም፣ ሲመሽ መቺው ኳሷን በደንብ አያያትም። ለፒቸር የተመቸ ዘመን ነበር።

ግን በዛው ዘመን ሁሉም ፒቸር የሚወረውረው ያንኑ ኳስ ነው። በዛው ጊዜ፣ በነዛው መቺዎች ላይ፣ ሌሎቹ ምን አደረጉ ብለህ ነው የምትመዝነው። ከ1910 እስከ 1919 በተከታታይ አሥር ዓመት 20 እና ከዛ በላይ አሸንፏል፣ ያውም በዛ ቡድን። መቺ አስቶ በማስወጣት 12 ዓመት ሊጉን መርቷል።

ፍጥነቱን ደግሞ ለክተውታል። በ1917 ብሪጅፖርት ኮነቲከት፣ የጥይት ፍጥነት የሚለኩበት ቤት ወስደው አስወረወሩት። በሰከንድ 134 ጫማ ወጣ፣ በሰዓት 147 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ ፈጣን ኳስ በአማካይ 150 አካባቢ ነው ትለኝ ይሆናል። ግን ዛሬ የሚለካው ከእጅ ሲወጣ ነው፤ ያኔ መለኪያው ጋ እስኪደርስ ኳሱ ቀዝቅዟል። ደግሞ ሰውየው ክብደት አላነሳም፣ ቪዲዮ አላየም፣ አሰልጣኝ እጁን ይዞ አላስተማረውም። ረጅም ክንድ ነበረው፣ እጁን ከጎን አዙሮ ዘና ብሎ ይለቀዋል፣ የሚታገል እንኳን አይመስልም። በዛ ጊዜ ሰው የሚያውቀው ፈጣን ነገር ባቡር ስለነበር «ትልቁ ባቡር» አሉት።

ጥርጣሬ ቶማስ

እሺ ባቡሩን ተቀብያለሁ። ሃያ አንድ ዓመት ለአንድ ቡድን፣ ያውም ለጭራ ቡድን? ወይ ታማኝ ነው ወይ ሞኝ።

ማሪላንድ_ጠበቃ_አይደለሁም

ሁለቱም አይደለም። የተያዘ ሰው ነው! ያኔ ውል ስትፈርም ውስጡ አንድ አንቀጽ አለ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ቡድኑ ለሚቀጥለው ዓመት መብቱን ይዞ ይቆያል፣ በዛኛው ዓመትም እንደዛው፣ እያለ ማለቂያ የለውም። ሌላ ቡድን ቢፈልግህ እንኳን መሄድ አትችልም። ይሄ ነገር የተሰበረው በ1975 ነው። ስለዚህ «አንድ ቡድን ብቻ ወዶ» ሲሉ ተጠንቀቁ።

ይባስ ብሎ አንዴ ሊሄድ ነበር። በ1914 ፌደራል ሊግ የሚባል ተቀናቃኝ ሊግ ተቋቁሞ ተጫዋች በገንዘብ እየሳበ ነበር። የቺካጎው ቡድን ጠቀም ያለ ገንዘብ አቀረበለት፣ እሱም ፈረመ፣ የቅድሚያ 6,000 ዶላርም ተቀበለ። የዋሽንግተኑ አሰልጣኝ ክላርክ ግሪፊዝ ለምኖ፣ ተከራክሮ አስመለሰው። ያንን 6,000 ዶላር ግን መመለስ ነበረበት። ግሪፊዝ ገንዘብ የለውም። ምን አደረገ መሰላችሁ? የቺካጎ ዋይት ሶክስ ባለቤት ኮሚስኪ ጋ ሄደ። ጆንሰን አንተ ከተማ መጥቶ ለተቀናቃኝህ ቢወረውር ሕዝቡ የት የሚሄድ ይመስልሃል አለው። ኮሚስኪ በገንዘቡ የታወቀ ቆንጣጭ ነበር፣ ግን ከፈለ።

እኔ እንደሚገባኝ ሰውየው ዋጋውን ያውቃል። የባቡር ገንዘብ የጠየቀውም ያው ሰው ነው። ዝም ማለቱና ገርነቱ ሞኝ አያስብለውም።

የሰባተኛ መንገድ ነርስ

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ ግን አሁን አልቻልኩም። እኔ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው የምሠራው። ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከእነ ዩ ስትሪትና ከእኛ ምግብ ቤቶች ትንሽ ከፍ ብሎ። ሁላችሁም ክትፎ ልትበሉ ስትመጡ በበሩ ታልፋላችሁ። እዛ ቦታ ላይ ነበር እኮ ስታዲየሙ! ግሪፊዝ ስታዲየም። በ1965 ፈረሰ፣ ሆስፒታሉ በ1975 ተከፈተ። መቺው የሚቆምበት ቦታ ሆስፒታሉ ውስጥ ምልክት ተደርጎበታል። ስንት ጊዜ በላዩ አልፌ ሄጃለሁ፣ ምን እንደሆነ የነገረኝ አንድ አዛውንት በሽተኛ ናቸው። በዊልቸር ስገፋቸው «ቆይ ልጄ፣ ቀስ በይ፣ እዚህ ጋ ሰው ይሮጣል» አሉኝ። አእምሯቸው የሄደ መስሎኝ ነበር።

እሳቸው ጥቁር ናቸው፣ ልጅ እያሉ ከአባታቸው ጋር ይመጡ እንደነበር አጫወቱኝ። ጥቁሮች የሚቀመጡት በቀኝ በኩል ጥግ ላይ እንደነበር ነገሩኝ። ሰፈሩ የጥቁሮች ሰፈር ነው፣ ዩኒቨርሲቲው የጥቁሮች ነው፣ ሜዳው ውስጥ የሚጫወቱት ግን ነጮች ብቻ! ስለዚህ «ከሁሉ የበለጠ ፒቸር» ስትሉ ከማን ከማን መሃል ብላችሁ ጠይቁ።

ቁጥር ወዳድ

እህቴ፣ የኔ ቁጥሮች ያንን አይናገሩም፣ ትክክል ነሽ። ጆንሰን በተጫወተበት ዘመን ሁሉ አንድም ጥቁር አሜሪካዊ በሊጉ አልነበረም። ጃኪ ሮቢንሰን የገባው በ1947 ነው፣ ጆንሰን ከሞተ በኋላ። ዋሽንግተን ራሷ ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈችው በ1954 ነው፣ ካርሎስ ፓውላ ከኩባ።

በዛው ሜዳ ላይ ግን በኋላ የጥቁሮቹ ሊግ ቡድን ሆምስቴድ ግሬይስ ይጫወት ነበር። ጆሽ ጊብሰን የሚባል ካቸር ነበራቸው። ጆንሰን አይቶት፣ ይሄ ሰው 200,000 ዶላር ያወጣል፣ ጥቁር መሆኑ ግን ያሳዝናል ብሎ ለጋዜጠኛው ሸርሊ ፖቪች ነግሮታል። አድናቆቱም ዘመኑም እዛች ዓረፍተ ነገር ውስጥ አሉ። ዛሬ ናሽናልስ ፓርክ ሂዱ፣ የሁለቱም ሐውልት አለ።

ጋሽ ራዲዮ

ልጆች፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ዲሲ ታክሲ ነድቻለሁ። ቤዝቦል የተማርኩት ከመኪና ራዲዮ ነው፣ ዓይቼው ሳይሆን ሰምቼው። አሮጌ ተሳፋሪዎች ሁሉ የሚያወሩት አንድ ቀን ነበር፣ ራሳቸው ያላዩትን ከአባቶቻቸው የሰሙትን። እናንተ ደግሞ እስካሁን አላነሳችሁትም! ጥቅምት 10 ቀን 1924።

ጆንሰን በዛን ጊዜ 36 ዓመቱ ነው። 18ኛ ዓመቱን እየተጫወተ ነው፣ አንዴም ዋንጫ ጨዋታ ላይ አልደረሰም። በዛ ዓመት 23 አሸንፎ 7 ተሸንፎ ዋሽንግተንን ለመጀመሪያ ጊዜ ወርልድ ሲሪስ አስገባት። ባላንጣቸው ኒው ዮርክ ጃያንትስ ነው። አሰልጣኙ ደግሞ በኪ ሃሪስ የሚባል የ27 ዓመት ልጅ፣ ራሱም እየተጫወተ ያሰለጥናል።

አንደኛውን ጨዋታ ጆንሰን 12 ኢኒንግ ሙሉ ወርውሮ 4 ለ 3 ተሸነፈ። አምስተኛውን ደግሞ 6 ለ 2። ሰው ሁሉ ልቡ ተሰበረ። አገሩ በሙሉ፣ ዋሽንግተንን የማይደግፈው ሳይቀር፣ ይሄ ደግ ሰው ያለ ዋንጫ ሊያረጅ ነው ብሎ አዘነ።

ሰባተኛውና የመጨረሻው ጨዋታ እዛው ነርሷ የምትሠራበት ቦታ ላይ ነው። ፕሬዚዳንት ኩሊጅ ተቀምጠዋል፣ ከ31,000 በላይ ሰው አለ። ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ ዋሽንግተን 3 ለ 1 እየተመራች ነው። በኪ ሃሪስ መታ፣ ኳሷ መሬት ለመሬት ወደ ሦስተኛው ቤዝ ሄደች። እዛ የቆመው ፍሬዲ ሊንድስትሮም ነው፣ የ18 ዓመት ልጅ። ኳሷ እጁ ልትገባ ስትል ነጥራ በራሱ ላይ አለፈች! ሁለት ሰው ገባ። 3 ለ 3።

ከዛ ዘጠነኛው ላይ ሃሪስ ጆንሰንን ጠራው። በአንድ ቀን ዕረፍት። ሜዳው ውስጥ ሲራመድ ሕዝቡ ምን እንደሆነ አስቡት። ወዲያው ፍሪሽ መታበትና ሦስተኛው ቤዝ ደረሰ፣ አንድ እርምጃ ነው የቀረው፣ ገና አንድ ሰው ብቻ ነው የወጣው። ጆንሰን ቀጣዩን ያንግስን ሆን ብሎ አሳለፈው። ከዛ ኬሊን ሦስቴ አስቶ አስወጣው። ሚዩዘልንም አስወጣ። አሥረኛው ዜሮ፣ አሥራ አንደኛው ዜሮ፣ አሥራ ሁለተኛው ዜሮ።

አሥራ ሁለተኛው ላይ ዋሽንግተን ተራዋ ደረሰ። ካቸሩ ሙዲ ሩል ኳሷን ወደ ላይ አጓናት፣ ተይዞ መውጣት ነበረበት። የጃያንትስ ካቸር ሃንክ ጋውዲ ሊይዝ ሲሮጥ ራሱ አውልቆ የጣለው የፊት መከላከያ እግሩ ውስጥ ገባ። እግሩን ከብረቱ ማላቀቅ አቃተው። እየተጎተተ ሄዶ ኳሷ ወደቀችበት! ሩል ዳግመኛ ዕድል አገኘና መታ፣ ሁለተኛው ቤዝ ቆመ። ጆንሰን ራሱ መታ፣ የጃያንትሱ ጃክሰን አበላሸው። ከዛ ማክኒሊ መታ። መሬት ለመሬት። ወዴት? ወደዛው ልጅ፣ ወደ ሊንድስትሮም። ጠጠር ነካች አሉ፣ አሁንም በራሱ ላይ ነጥራ አለፈች።

ሩል የታወቀ ቀርፋፋ ነው። እየተንገዳገደ ገባ። 4 ለ 3። አሸናፊው ፒቸር ዋልተር ጆንሰን።

ያ ሁሉ ዓመት 1 ለ 0 ያስበላው ቡድን በሁለት ጠጠር ካሰው። ተሳፋሪዬ አንዱ ሽማግሌ ሁልጊዜ ይሄን ሲያወሩ ዕንባቸው ይመጣ ነበር፣ እኔም ሒሳብ መቀበል ያሳፍረኝ ነበር፣ ግን እቀበላለሁ።

አራዳ በዲሲ

ጋሼ ይሄን እኮ ራሳቸው እንዳዩት ነው የነገሩን! ዋሽንግተን ከዛ በኋላ ዋንጫ ያገኘችው በ2019 ነው አይደል? 95 ዓመት!

ጋሽ ራዲዮ

አዎ። ለዛውም ሌላ ቡድን ነው። የጆንሰን ሴናተርስ በ1960 መጨረሻ ሚኒሶታ ሄደ። በምትኩ የመጣውም በ1971 ቴክሳስ ሄደ። ናሽናልስ የመጣው በ2005 ነው። ይሄ ከተማ ቡድኑን ሁለቴ ተቀምቷል።

ጥርጣሬ ቶማስ

እሺ ካሰው። ከዛስ?

ቁጥር ወዳድ

ከዛማ መልሶ ወሰደበት። በ1925 ደግሞ 20 አሸነፈ፣ ያው በ37 ዓመቱ። በዱላም በአማካይ .433 መታ (ከአሥሩ አራት ያህሉን ማለት ነው)፣ ለፒቸር ዛሬም ድረስ አንደኛ ነው። ወርልድ ሲሪስ ላይ ከፒትስበርግ ጋር አንደኛውንና አራተኛውን አሸነፈ። ሰባተኛው ግን ዝናብ ነበር። ሜዳው ጭቃ ነው፣ ሰጋቱራ እየበተኑ ነው የተጫወቱት። ጓደኛው ሮጀር ፔኪንፖ የሊጉ ምርጥ ተብሎ ገና መሸለሙ ነው፣ በዛ ሲሪስ ግን ስምንት ስህተት ሠራ። ጆንሰን በጭቃው ውስጥ 15 ጊዜ ተመታበት፣ እስከ መጨረሻው አላስወጡትም። 9 ለ 7 ተሸነፉ። የሊጉ ፕሬዚዳንት ሃሪስን በስሜት ተነድተህ ሽማግሌውን ተውከው ብለው ወቀሱት። እኔ ግን ከሃሪስ ጋር ነኝ፣ ማን ደፍሮ ያስወጣዋል?

በ1920 ደግሞ ቦስተን ላይ ማንም ሳይመታበት ጨዋታ ጨርሷል፣ 1 ለ 0። አንድም ሰው ቤዝ ሳይደርስ ሊጨርስ ነበር፣ አንድ ስህተት ብቻ አበላሸበት። ስህተቱን የሠራው በኪ ሃሪስ ነው፤ ብቸኛዋን ነጥብ ያስገባውም ራሱ ሃሪስ!

በ1927 ልምምድ ላይ የተመታ ኳስ እግሩን ሰበረው፣ ከዛ በኋላ እንደድሮው አልሆነም። የመጨረሻ ጨዋታው የኒው ዮርኩ ቤብ ሩዝ 60ኛ ሆም ራኑን (ኳሱን ከሜዳው ውጪ የሚያወጣ ምት) የመታበት ቀን ነው። ጆንሰን በሰው ምትክ ገብቶ መታ፣ ኳሷን ሩዝ ያዛት። በቃ፣ እንደዛ ተዘጋ።

የሰባተኛ መንገድ ነርስ

ሚስት ልጆች አልነበሩትም?

ማሪላንድ_ጠበቃ_አይደለሁም

ነበሩት። በ1914 ሄዘል ሮበርትስን አገባ፣ አባቷ የኔቫዳ ኮንግረስ ተወካይ ነበሩ። በ1921 አባቱም ትንሿ ልጁም ሞቱበት። ሄዘል በ1930 በነሐሴ ሙቀት ደክማ ሞተች። ልጆቹን ይዞ ቀረ። ዋሽንግተንንም ክሊቭላንድንም አሰልጥኗል፣ ያው ገር ስለሆነ አልሆነለትም የሚሉ አሉ።

በ1936 ለቤዝቦል የክብር መዝገብ መጀመሪያ ከተመረጡት አምስት አንዱ ነው፣ ከኮብ፣ ከሩዝ፣ ከዋግነርና ከማቲውሰን ጋር። በዛው ዓመት ቨርጂኒያ ውስጥ ራፐሃኖክ ወንዝን የብር ዶላር ወርውሮ አሻገረ፣ ጆርጅ ዋሽንግተን አድርጎታል የሚባለውን ተረት ይቻላል አይቻልም ብለው ተከራክረው። ቻለ! 48 ዓመቱ ነበር።

ከዛ ጀርመንታውን ማሪላንድ እርሻ ገዝቶ ላምና ዶሮ ያረባ ነበር። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ኮሚሽነር ሆኖ ተመርጧል። በ1940 ለኮንግረስ ተወዳድሮ ተሸነፈ። በ1946 ታኅሣሥ ላይ በጭንቅላት ዕጢ ሞተ፣ 59 ዓመቱ ነበር። ሮክቪል ነው የተቀበረው። የቤተስዳው አባት፣ ለጥያቄህ መልሱ ይሄ ይመስለኛል። ትምህርት ቤቱ የተሰየመው ለካውንቲው ሰው ነው፣ ጎረቤታቸው ነበር። ያየኸው ሐውልት ደግሞ መጀመሪያ ስታዲየሙ ጋ ነበር የቆመው፣ ሲፈርስ ነው ወደ ትምህርት ቤቱ የመጣው።

የቤተስዳው አባት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ጋሽ ራዲዮን። ትናንት እራት ላይ ለልጄ ጠጠሯን አወራሁለት። ስልኩን አስቀመጠ! «ካቸሩ የራሱ ማስክ ነው የጣለው?» ብሎ ሁለቴ አስደገመኝ። ሚስቴ ደግሞ ትኩር ብላ እያየችኝ «አንተ መቼ ነው ቤዝቦል ያወቅከው?» አለችኝ። ከማክሰኞ ጀምሮ አልኳት።

ነርሷ እህቴ፣ ያ ምልክት ያለበት ቦታ ለውጪ ሰው ይፈቀዳል? ቅዳሜ ልጄን ላመጣው ነው።

የሰባተኛ መንገድ ነርስ

ና፣ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ እወጣለሁ፣ ራሴ አሳይሃለሁ። መኪና ይዘህ እንዳትመጣ ብቻ፣ ማቆሚያ ፍለጋ ዩ ስትሪትን ስትዞር ነው የምትውለው። በባቡር ና።

አራዳ በዲሲ

በትልቁ ባቡር ሃሃሃ